«ሻለቃ አቶ» ይባላል?

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምኖረው። የልጄን ሠርግ የጥሪ ካርድ ሳሳትም፣ ማተሚያ ቤቱ የጎረቤቴን ስም «ለሻለቃ አቶ…» ብሎ አወጣልኝ። ሰውየው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የቱ ይቅር? ደግሞስ በር ላይ ሳገኛቸው «ሻለቃ» ብቻ ብዬ ብጠራቸው ድፍረት ይሆንብኛል?

መልስ፦ «አቶ»ው ይቅር። የጦር ማዕረግ የ«አቶ»ን ቦታ ይይዛል እንጂ አይደረብበትም። ከትምህርት ማዕረግ ጋር ግን ይደረባል፤ «ኮሎኔል ዶክተር» የሚባሉ መኮንኖች አሉ። በደርግ ጊዜ «ጓድ ሻምበል» ይባል ነበር፤ እሱ በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ሄደ። ጡረታም ማዕረግ አይገፍም። ሻምበል አበበ ቢቂላ ካረፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሻምበልነቱ ግን ዛሬም ከስሙ ጋር ነው።

«ሻለቃ» ብሎ መጥራት ድፍረት አይደለም። ስም ከጨመሩም የራሳቸውን እንጂ የአባታቸውን አይሆንም። ድፍረቱ ያለው ግሱ ላይ ነው። «ሻለቃ፣ እንደምን አደሩ?» ካሉ አክብረዋል፤ «አደርክ» ካሉ ማዕረጉ አያድንዎትም። ማዕረግ በራሱ አንቱታን አያስከትልማ! «ሻለቃ ኃይሌ አሸነፈ!» ብለን ስንጮኽ «አሸነፉ» ያለ ማን ነበር? ፍቅር ነው አንተ ያሰኘን።

ይህ አንቱታ ሌላም ሥራ አለው። ሻለቃ የሰው ማዕረግም የጦር ክፍል ስምም ነው፤ ሻምበልም እንዲሁ። «ሻለቃው ተንቀሳቀሱ» ሲባል መኮንኑ ናቸው፣ «ሻለቃው ተንቀሳቀሰ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ ጦሩ ነው። አንዲት የግስ መድረሻ ሰውን ከሠራዊት ትለያለች። እኔ በበኩሌ ከአማርኛ ሰዋስው እንዲህ የሚያስደስተኝ ጥቂት ነው።

ቃሉ መነሻው «ሺ አለቃ» ነው። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃም ከቁጥር የወጡ ናቸው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ዮቶር ለሙሴ የመከረውን አሿሿም ያስታውሳሉ። (የዛሬ መቶ አለቃ የግድ መቶ ሰው ይመራል ማለት አይደለም።)

ካርዱ ላይ ቦታ ከጠበበ ሻለቃ «ሻ/ቃ»፣ ሻምበል «ሻ/ል» ተብሎ ያጥራል። ከመታተሙ በፊት አንዴ ይዩት፤ ፊደሏ ከተሳተች ጎረቤትዎን አንድ ማዕረግ ዝቅ አድርገው ነው ለሠርግ የሚጠሯቸው።