ማርሊን 336ን ቤት ውስጥ መፍታት፣ ማለስለስና ሰደፉን ማደስ

ሰላም ወንድም። ያገለገለ ባለ 30-30 ማርሊን 336 ጠመንጃ ገዝተህ ሌቨሩ (ከምላጩ ዙሪያ ያለው፣ ጥይት ለማቀባበል የሚከፈትና የሚዘጋው እጀታ) እንደሚከብድህ፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚይዝ፣ የሰደፉ ቨርኒሽ እንደተላጠ ጽፈሃል፤ ቤት ውስጥ ራስህ ፈትተህ ልታስተካክለው ትችል እንደሆነም ጠይቀሃል። ትችላለህ። ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትህ በፊት ግን አጽዳው። የእነዚህን ጠመንጃዎች ሌቨር ብዙውን ጊዜ የሚያከብደው ለዓመታት የደረቀ ቅባትና የባሩድ ጥላሸት ነው።

መጀመሪያ ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ሌቨሩን እስከ መጨረሻው ክፈትና የጥይት ክፍሉን በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ከዚያ ከበርሜሉ ሥር ወዳለው የጥይት ቱቦ ተመልከት፤ ጥይቱን የሚገፋው ቁራጭ ራሱ ካልታየህ ባዶ ነው አትበል።

ካቻቢቴ ላይ አትቆጥብ። የተራ ካቻቢቴ ጫፍ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ የብሎኑን ስንጥቅ አፉ ላይ ብቻ ይይዝና ይቦጭቀዋል። ጎንና ጎኑ ትይዩ ሆኖ የተሳለ፣ ለጠመንጃ የሚሸጥ ቢት (የካቻቢቴ ጫፍ) ግዛ፤ ስንጥቁን በወርድም በውፍረትም ሞልቶ መቀመጥ አለበት። እምቢ ያለ ብሎን ካለ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠብ አድርገህ አሳድረው።

ለጽዳት ሙሉ በሙሉ መፍታት አያስፈልግም። ሌቨሩን ግማሽ ድረስ ከፍተህ የያዘችውን አንዲት ብሎን ፍታ፣ ሌቨሩን ወደ ታች፣ ቦልቱን (ጥይቱን ወደ ጥይት ክፍሉ የሚገፋውን ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ስበህ አውጣ። ያን ጊዜ በሪሲቨሩ (እነዚህን ክፍሎች በያዘው የብረት አካል) ግራ ግድግዳ ውስጥ ያለችው ኢጀክተር (ቀለሁን ወደ ውጭ የምትወረውር ቁራጭ) ትለቃለች። ከትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የምትቀመጥ ጉጥ አለቻት። ስትገጥም ያቺ ጉጥ ቀዳዳዋ ውስጥ ሳትገባ ቦልቱን ከገፋህ ኢጀክተሯን ታጣምማለህ፤ ቦልቱ አልገባም ሲል አታስገድደው፣ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እሷ ናት።

ጠለቅ ብለህ ለመግባት የሰደፉን የላይ ብሎን ፈትተህ ሰደፉን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳብ፤ ግራና ቀኝ አታወዛውዘው፣ እንጨቱ ከብረቱ ጅራት ኋላ ይሰነጠቃል። መዶሻውን ወደ ፊት አውርደህ የዋናውን ሞላ ማቆሚያ ሳህን በጎን አንሸራት። ሞላው ታምቆ ስለተቀመጠ መነጽር አድርግ። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክህ ፎቶ አንሳ።

አሁን ወደ ማለስለሱ። ሌቨሩ የሚከብደው የቱ ጋ እንደሆነ ለይ። ገና ሲከፈት ከሆነ የሚይዘው ሌቨሩ ላይ ያለችው በሞላ የምትገፋ ትንሽ ጉጥ ናት፤ ጫፏን ብቻ አለስልስ። ቦልቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ከሆነ የቦልቱ ሆድ መዶሻውን እየጫነ የሚያልፍበት ቦታ ነው። የትኛው ቦታ እንደሚፋተግ ለማወቅ በጥቁር ማርከር ቀባውና ሌቨሩን ደጋግመህ ክፈት ዝጋ፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ብቻ ነው ሥራህ። 400 ቁጥር ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ጠቅልለህ፣ ዘይት አርከፍክፈህ፣ ብረቱ በሚሄድበት አቅጣጫ እሸው፤ በ600 ጨርስ። የምትፈልገው ጭረቱና ሹሉ እንዲጠፋ እንጂ ብረቱ እንዲያንስ አይደለም። የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መሣሪያ አታስገባ፤ ማዕዘኑን በሰከንዶች ውስጥ ያጎደጉድልሃል። የጥይት ማስገቢያው በር ጣት የሚቆርጥ ጠርዝ ካለው እሱንም በ600 ጠርዙን ስበር።

መሃል ላይ መያዙ የዚህ ሞዴል የታወቀ በሽታ ነው። የሌቨሩ ሹል ጠርዝ ጥይት የሚያነሳውን ክፍል ከሥር እየፋቀ ጉድጓድ ያወጣበታል። ያኔ ክፍሉ በሚገባው ከፍታ አይቆምም፣ ሁለተኛው ጥይት ከቱቦው ሾልኮ ይወጣና ሁሉንም ይቆልፈዋል። የማንሻውን ሆድ በብርሃን አገላብጠህ እይ። ጭረት ብቻ ከሆነ የሌቨሩን ጠርዝ በመሳያ ድንጋይ በትንሹ አዙረህ እዚያው አቁም። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ክፍሉ መለወጥ ወይም በባለሙያ መሞላት አለበት፤ ማለስለስ ብቻውን አያድነውም።

የማይነኩ ቦታዎች አሉ። የመዶሻው ሙሉና ግማሽ ደረጃ ጥርሶች፣ ከእነሱ ጋር የሚገናኘው የሲር (መዶሻውን ይዞ የሚያቆመው ቁራጭ) ጫፍ፣ ቦልቱን ከኋላ የሚቆልፈው ብረት። የመጀመሪያዎቹን ከነካህ ምላጩ ሳይሳብ መዶሻው ሊወድቅ ይችላል፤ የመጨረሻውን ከፋቅህ ጥይቱ ከኋላ የሚደገፍበት ልክ ይሰፋል፣ ቀለሁም ሊቀደድ ይችላል። ምላጩ መላላቱ የሠሪው ንድፍ ነው፣ ተወው።

የብረቱን ቀለም በተመለከተ ምክሬ በተቻለ መጠን አትንካው ነው። በርሜሉ ላይ ከሪሲቨሩ አጠገብ በሞላላ ክብ ውስጥ «ጄኤም» የሚል ማኅተም ካለ የድሮው የኮኔቲከት ሥራ ነው፤ ሰብሳቢ ያረጀውን የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ የቤት ቀለም ያስበልጣል። ቀይ ዝገት ካለ ባለ አራት ዜሮ ስቲል ዉል (በጣም ቀጭን የብረት ሱፍ) በዘይት አርሰህ በቀስታ እሸው፣ ጤነኛውን ቀለም ብዙም አይነካም። በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ለትንሽ ጭረት ይሆናል እንጂ ሪሲቨር ሙሉ ቀብተህበት ዥጉርጉር ከመሆን አይድንም። ከተጠቀምክበት በአሴቶን ስቡን አጥራ፣ ብረቱን አሙቅ፣ ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት። የመለያ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በወረቀት አትፈግፍግ፤ አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ የጠፋ መሣሪያ መያዝ የፌዴራል ወንጀል ነው።

እንጨቱ ላይ ግን እጅህን አፍታታ፣ የሚያስደስተው ሥራ እዚህ ነው። ዋልነቱን (የሰደፉን እንጨት) ከመፈግፈግ በፊት ቨርኒሹን በማስለቀቂያ ኬሚካል አንሳ። ሰደፉ ሥር ያለችውን ጥቁርና ነጭ ክብ ኬሚካል እንዳይነካት ሸፍናት፣ ልታበላሻት ትችላለህ። ከ180 ጀምረህ 220፣ 320፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። እንጨቱ ብረት በሚነካበት ጠርዝ አትፈግፍግ፣ ካነስክ ብረቱ ከእንጨቱ በላይ ወጥቶ ለዘላለም ይታያል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፤ ሲደርቅ ጥቃቅን ፀጉር ይቆማል፣ በ320 ላጨው። ሁለት ጊዜ ድገመው። ከብረቱ አጠገብ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ካለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በአሴቶን ለውሰህ ለጥፍበት፣ ሲደርቅ ዘይቱን ይዞ ይወጣል።

የተልባ ዘይት ስትገዛ «የተፈላ» የሚለውን ምረጥ፤ ጥሬው ሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል። የመጀመሪያውን እጅ ግማሽ በግማሽ በሚነራል ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ) አቅጥነህ ቀባ፣ የሰደፉን የውስጥ ጫፍና የኋላ መሸፈኛውን ሥርም ጨምር፤ እርጥበት የሚገባው በእነዚያ ነው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ በመዳፍህ እስኪሞቅ እሽ፣ የተረፈውን ጥረግ፣ አንድ ቀን ጠብቅ፤ ስድስት ወይም ስምንት እጅ ይበቃል። አወፍራለሁ ካልክ ተጣብቆ ይቀራል። የዘይት ጨርቆቹን ጨምድደህ ጥግ አትጣል፤ ራሳቸው ይሞቁና ይነዳሉ። ውጭ ዘርግተህ አድርቅ ወይም ውሃ በሞላ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ንከር።

ገጥመህ ስትጨርስ በሐሰተኛ ጥይት ሞክር። መዶሻውን ሙሉ ስበህ ከኋላ በአውራ ጣትህ ጠንከር አድርገህ ወደ ፊት ግፋ፤ መውደቅ የለበትም። በግማሽ ደረጃ አቁመህ ምላጩን ሳብ፣ አሁንም መውደቅ የለበትም። ሌቨሩን በጥቂቱ ከፍተህ ምላጩን ስትስብ መዶሻው መልቀቅ የለበትም። ከሦስቱ አንዱ ከወደቀ እውነተኛ ጥይት ሳታስገባ ለጠመንጃ ሠሪ ውሰደው። ካለፈ ግን ተኩስ ሜዳ ላይ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ጎርሶ ይሞከር፤ ቀለሁንም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ አንስተህ ስንጥቅ እንደሌለው እይ።