የብስክሌት ኮምፒውተር ወገንተኝነት

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በብስክሌቴ መሪ ላይ የማስረው የጋርሚን ኮምፒውተር ሲሆን፣ አሁን ያለኝ ሁለተኛው ነው። የእሱም ባትሪ ስለደከመ ሌላ ልገዛ አስቤአለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ ከሚጋልቡት ወዳጆቼ ግማሾቹ ዋሁ የተባለውን ተፎካካሪ እንድገዛ ይመክሩኛል፤ የቀሩት ደግሞ ከጋርሚን መውጣት በገዛ እጅ የዓመታት ልፋትን መጣል ነው ይላሉ። ክርክሩ የጊዮርጊስንና የቡና ደጋፊዎችን ያስንቃል። ኩባንያ ብቀይር በእርግጥ የማጣው ነገር አለ? ወይስ ነገሩ ሁሉ የልማድ ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ልማድ ብቻ አይደለም፤ የሚያጡት ግን ወዳጆችዎ የሚያስፈራሩዎትን ያህል አይሆንም። ይህ መሣሪያ ድሮ እንዲህ ያለ ክርክር አያስነሳም ነበር። የኦሳካው ካትአይ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን የብስክሌት ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የመሣሪያው ሥራ በጎማው ሽቦ ላይ የታሰረች ማግኔት ስንት ጊዜ እንደዞረች መቁጠር ነበር። ባለቤቱ የጎማውን ዙሪያ ልክ ያስገባል፤ ለምሳሌ ባለ 25 ሚሊሜትር የመንገድ ብስክሌት ጎማ ከሆነ 2,105 ሚሊሜትር ይላል፤ መሣሪያውም ፍጥነቱንና ርቀቱን ያሰላለታል። ሌላ የገዛ ሰው የሚያጣው እስከዚያ የተጠራቀመውን ጠቅላላ ኪሎሜትር ብቻ ነበር፤ ለእሱ የሚሳሳ ሰው ቁጥሩን በደብተር ይጽፈዋል።

ነገሩ የተለወጠው ሳተላይት ሲገባበት ነው። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ1989 በካንሳስ ግዛት በጌሪ በሬልና በሚን ካኦ የተመሠረተ፣ ስሙም ከሁለቱ መሐንዲሶች የመጀመሪያ ስሞች የተገጣጠመ፣ በአውሮፕላንና በጀልባ መንገድ ጠቋሚዎቹ የታወቀ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ኤጅ» የተባለውን ተከታታይ ምርቱን ለብስክሌተኞች ሲያቀርብ፣ እያንዳንዱ ጉዞ ከነመንገዱ፣ ከነዳገቱና ከነልብ ምቱ መመዝገብ ጀመረ። መዝገቡ የሚከማቸው በኩባንያው ድረ ገጽ ስለሆነም፣ ዕቃ ገዝቶ ይሄድ የነበረው ደንበኛ በባንክ ገንዘብ እንዳስቀመጠ ሰው ሆነ፤ ሌላ ባንክ ቢያምረውም ያስቀመጠው ያሳስበዋል። እርስዎን የያዘዎትም፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ለኩባንያው ያለዎት ፍቅር ሳይሆን ይኸው የዘጠኝ ዓመት ተቀማጭ ነው።

ደስ የሚለው ግን የዚህ ባንክ በር ከውስጥ የሚከፈት መሆኑ ነው፤ ያስከፈተውም ከማንም በላይ ጋርሚን ራሱ ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ዳይናስትሪም የተባለውን የካናዳ ድርጅት ሲገዛ፣ የልብ ምት ቀበቶና የጉልበት መለኪያ ፔዳል ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገሩበትን አንት ፕላስ የተባለ የሬዲዮ ቋንቋም አብሮ ወሰደ፤ ቋንቋውን ግን ለራሱ ብቻ አላደረገውም። ተፎካካሪዎቹ ዋሁም፣ ሃመርሄድም፣ የታይዋኑ ብራይተንም ይሰሙታል። ስለዚህ አሁን ያለዎት ቀበቶ ወይም ፔዳል አዲሱ ኮምፒውተር የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ጉዞው የሚመዘገብበት የፋይል ዓይነትም ከዚያው ቤት የወጣ ነው፤ ዛሬ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ይጠቀሙበታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2020 በግልጽ ታይቷል። በዚያ ወር ኮምፒውተር ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች የጋርሚንን ሥርዓት በማጥቃታቸው አገልግሎቱ ለቀናት ተቋረጠ። መሣሪያዎቹ ግን በመንገድ ላይ መመዝገባቸውን አላቆሙም፤ ብልህ ብስክሌተኞች ፋይሉን በኬብል አውጥተው ስትራቫ ወደተባለው የስፖርት መመዝገቢያ ድረ ገጽ በእጃቸው አስገቡት። እርስዎም የዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ በሙሉ ከአካውንትዎ ጠይቀው ማውረድ ይችላሉ። ለመቀየር ባያስቡ እንኳ ዛሬውኑ ያውርዱት።

አብሮ የማይሄደው ስሌቱ ነው። የአካል ብቃት ግምት፣ የልምምድ ጫና፣ «ይህን ያህል ሰዓት ይረፉ» የሚለው ምክር፣ እነዚህ ኩባንያው ራሱ የሚሠራቸው ቁጥሮች በመሆናቸው ሌላው መሣሪያ እርስዎን ለማወቅ ከመነሻው ይጀምራል። በእጅዎ ላይ የጋርሚን ሰዓት ካለ ደግሞ፣ ሰዓቱና ኮምፒውተሩ ልምምድዎን በአንድነት ስለሚያሰሉት መለያየታቸው ይታወቅዎታል፤ እንዲህ ከሆነ ባሉበት ቢቆዩ እመርጣለሁ። መሪው ላይ ያለው መያዣም ይቀየራል፤ የሁለቱ ኩባንያዎች መያዣዎች ሩብ ዙር ተጠምዝዘው የሚቆለፉ፣ ሲያዩአቸው መንትያ የሚመስሉ፣ አንዱ ግን ለሌላው የማይሆን ናቸው።

የዋሁ ወዳጆችም ያለ ምክንያት አይሟገቱም። መቀመጫውን በአትላንታ ያደረገው ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኤለመንት» የተባለውን የመጀመሪያውን ባለ ጂፒኤስ ኮምፒውተሩን ሲያወጣ፣ ማስተካከያውን በሙሉ ከስልክ ላይ እንዲሆን አደረገው። በትንሽ ስክሪን ላይ ከዝርዝር ወደ ዝርዝር ሲወርዱና ሲወጡ ለነበሩት ይህ እፎይታ ነበር፤ ዛሬ ግን የጋርሚን አዳዲስ ምርቶችም ከስልክ ይስተካከላሉ። የዳገቱ ጉዳይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡት ኤጅ 530 እና 830 የቀረውን ዳገት ርዝመትና ተዳፋትነት የሚያሳዩት መንገዱ አስቀድሞ ከተጫነ ብቻ ነበር፤ ተፎካካሪዎቹ ተመሳሳዩን እየሠሩ ሲያስጨንቁት፣ በ2023 የመጡት 540 እና 840 ያልተጫነ መንገድ ላይም ማሳየት ጀመሩ። እንግዲህ አንዱ አለው ሌላው የለውም የሚባለው ነገር ዕድሜው ቢበዛ ሁለት ክረምት ነው፤ በእሱ ተመርቶ መግዛት አያዋጣም። የታላላቅ ቡድኖችን ብስክሌት አይቶ መግዛትም እንደዚያው። ራይደር ሄስጄዳል እ.ኤ.አ. በ2012 የጣልያን ዙርን ሲያሸንፍ የጋርሚን ስም ማሊያው ላይ ነበር፤ ተወዳዳሪ የተሰጠውን እንጂ የመረጠውን አይዝም።

ወዳጆችዎ ያላነሱት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው ሌላ ጉዳይ አለ። ሃመርሄድን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የቺካጎው የማርሽ አምራች ስራም ገዛው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ፣ የስራም ተቀናቃኝ በሆነው በሺማኖ ጥያቄ፣ የሺማኖን የኤሌክትሪክ ማርሽ በሃመርሄድ ስክሪን ላይ የሚያሳየው አገልግሎት እንዲነሳ ተደረገ። ገዢዎቹ ከፍለው የወሰዱት ነገር እጃቸው ላይ እያለ ጎደለ። ወገንተኝነቱ የገዢው ሳይሆን የአምራቾቹ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ብስክሌትዎ የማንን ማርሽ እንደያዘ፣ ኮምፒውተር ሠሪውስ የማን እንደሆነ ይመልከቱ።

የጋርሚን የእጅ ሰዓት ከሌለዎት ሱቅ ገብተው ሁለቱንም በእጅዎ ይያዙ። በሜሪላንድ ክረምት በጓንት የሚጫኑት ቁልፍና ያለ መነጽር የሚያነቡት ፊደል ከስሙ ይበልጣሉ። ኤጅ 540 ሲወጣ 350 ዶላር ገደማ፣ ኤጅ 1050 ደግሞ 700 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ለሚጋልብ ሰው የልዩነቱን ዋጋ የሚያክል ጥቅም አላየሁበትም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ጋርሚን ወይም ዋሁ እልክልሻለሁ፣ ምረጪ» ይለኛል። ለእኛ አገር መንገዶች የተሻለ ካርታ ያለው የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት የዓለም ካርታ። አሜሪካ የተሸጠ መሣሪያ የሚመጣው የአሜሪካን ካርታ ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ፋይሉ ትልቅ ነውና ወንድምዎ ከመላኩ በፊት እዚያው ሳለ የኢትዮጵያን አካባቢ ካርታ ይጫንልዎት። የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ ያለው መሆኑንም ያረጋግጥ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ላይ በጂፒኤስ ብቻ የሚገመት ዳገት ብዙ ይዋዥቃል። የሰፈርዎ መንገድ ካርታው ላይ ከሌለ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ራስዎ መሣል ይችላሉ፤ ኩባንያዎቹ ካርታቸውን ሲያድሱ በሁለቱም መሣሪያ ላይ ይታያል።