ክፍት ነው የተባለ ሶፍትዌር ስለ ምን አካውንት ይጠይቃል?

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ለአነስተኛ ድርጅቶች ኮምፒውተርና ሰርቨር አዘጋጃለሁ። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲለውጠውና እንዲያድለው የተፈቀደ ፕሮግራም) ላይ ስለሚያጋጥማችሁ የአካውንትና የአክቲቬሽን (ኮድ አስገብቶ ፕሮግራሙን የማስከፈት) ጣጣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ከታች የምጠቅሰው አዋጅና የሰኔ 2012 የኢንተርኔት መዘጋት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ሌላው ሁሉ በፈረንጆች።

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ተማሪ ነኝ። አንድ ፕሮግራም ክፍት ምንጭ ነኝ እያለ «አካውንት ካልከፈትክ አልሠራም» ማለቱ ፈቃዱን መጣስ አይደለም?

አይደለም ወንድሜ። ጂ ፒ ኤልም ሆነ ኤም አይ ቲ የተባሉት የክፍት ምንጭ ፈቃዶች፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ምን ይጠይቅ ምን አይጠይቅ የሚሉት ነገር የለም። የሚናገሩት አንተ በኮዱ ምን ማድረግ እንደምትችል ነው። አዘጋጁ የመግቢያ ገጽ ማስቀመጥ ይችላል፤ አንተ ደግሞ ያንኑ ገጽ ከኮዱ አውጥተህ ጥለህ የቀረውን ለወደድከው ማደል ትችላለህ። በ2023 ኢንሶምኒያ የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ በ8ኛ እትሙ አካውንትን ግዴታ ሲያደርግ የሆነው ይኸው ነው። የተቆጡ ተጠቃሚዎች ኮዱን ወስደው፣ ኢንሶምኒየም ብለው ሰይመው፣ መግቢያ የሌለው ቅጂ አወጡ። ዋናዎቹ አዘጋጆችም ቆይተው ያለ አካውንት የሚሠራበትን መንገድ መለሱ። እኔ ፈቃድ ሳነብ አስቀድሜ የማየው መግቢያውን ማንሳት መቻሌን ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ በሒሳብ ሠራተኝነት ነው የምሠራው። ሊብሬኦፊስ የተባለውን የቢሮ ሥራ ፕሮግራም የጫነልኝ ልጅ በፍላሽ «አክቲቬተር» የሚል ፋይል ትቶልኛል። ልክፈተው?

እንዳይነኩት። ሊብሬኦፊስ በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ ከወጣ ጀምሮ የአክቲቬሽን ኮድም አካውንትም ጠይቆ አያውቅም። በር ለሌለው ቤት ቁልፍ ይዞ የመጣ ሰው ምን ፈልጎ ይሆን? እንዲህ ያሉ ፋይሎች የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ማጓጓዣ ሆነው ከቆዩ ሰንብተዋል። ፋይሉን ያጥፉት፤ ኮምፒውተሩን በፀረ ቫይረስ ያስፈትሹ፤ ሊብሬኦፊስንም አራግፈው ከራሱ ድረ ገጽ እንደገና ይጫኑት። በዚያ ኮምፒውተር የባንክ ሒሳብ ከፍተው ከነበረ የይለፍ ቃልዎን ከሌላ መሣሪያ ላይ ዛሬውኑ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ቪ ኤስ ኮድ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው ይባላል። ስጭነው ግን ሌላ ውል ተቀበል ይለኛል።

ኮዱ በኤም አይ ቲ ፈቃድ የወጣ ነው። ማይክሮሶፍት አዘጋጅቶ የሚያድለው ጥቅል ግን የራሱ ፈቃድ አለው። ከዚያው ኮድ የተሠራ፣ የማይክሮሶፍት ውልና የአጠቃቀም መረጃ መሰብሰቢያ የሌለበት ቪ ኤስ ኮዲየም የሚባል ቅጂ አለ፤ ነገር ግን የማይክሮሶፍትን የቅጥያ (የተጨማሪ መሣሪያዎች) ገበያ አያገኝም። ክሮሚየምና ክሮም የተባሉት የኢንተርኔት ማሰሻዎችም እንዲሁ ናቸው፦ የመጀመሪያው ክፍቱ፣ ሁለተኛው የጎግል ጥቅል ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ለዕቃና ለሒሳብ መቆጣጠሪያ ኦዱ የሚባል ፕሮግራም የጫነልን ሰው «ነጻ ነው፣ የምትከፍሉት ለእኔ ድካም ብቻ ነው» ብሎን ነበር። አሁን ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ኮድ አስገቡ የሚል ማስታወቂያ ከላይ መጥቶብናል።

ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ የላኩልኝ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ኦዱ ሁለት ዓይነት ነው። ኮሙኒቲ የሚባለው ኤል ጂ ፒ ኤል በተባለው ፈቃድ 3ኛ እትም የወጣ ክፍት ምንጭ ነው፤ የደንበኝነት ኮድ አይጠይቅም፣ ጊዜም አያልቅበትም። ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ደግሞ በክፍያ የሚሠራ ነው፤ የደንበኝነት ኮዱ ካልገባ ሥራ ያቆማል። እርስዎ ዘንድ ያለው የትኛው እንደሆነ አሁኑኑ ማየት ይችላሉ፦ በአስተዳዳሪ ስም ይግቡ፣ ሴቲንግስ የሚለውን ይክፈቱ፣ እስከ ገጹ ግርጌ ይውረዱ። የእትሙ ቁጥር እዚያ አለ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና የላቲኑ «ኢ» ፊደል ካለ ኢንተርፕራይዝ ነው።

ከሆነ ደግሞ ወደ ኮሙኒቲ መመለሱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ኮሙኒቲ ደረሰኝ ማውጣትና ክፍያ መመዝገብ ይችላል እንጂ ሙሉው የሒሳብ ክፍል በኢንተርፕራይዝ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ አስቀድመው የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ አውጥተው ከሱቁ ውጭ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ከጫነው ሰው ጋር ይነጋገሩ። ነጻ ነው ብሎ የሚከፈልበትን መጫን በእኔ ሚዛን ማታለል ነው፤ ባለማወቅ አድርጎት ከሆነም ወጪው የእርስዎ መሆን የለበትም። ሁሉንም በአንድ ክፍት ፈቃድ ለሚፈልግ ኢ አር ፒ ኔክስት የሚባል እንደ ኦዱ ያለ ፕሮግራም አለ፤ ፈቃዱ ጂ ፒ ኤል 3 ነው፣ የሒሳብ ክፍሉም አብሮት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አክቲቬት የተደረገ ሶፍትዌር ይዘጋል?

እንደ አሠራሩ ነው። አንዳንዱ አንዴ ጠይቆ ዝም ይላል፤ ሌላው በየጊዜው ሰርቨሩን ካላናገረ ይቆልፋል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ የትኛው የትኛው እንደሆነ ብዙ ቢሮ ያወቀው የዚያን ጊዜ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ከዚያ ፋይል ክፈቱ፣ አስቀምጡ፣ አትሙ። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልወደደው መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከሶፍትዌሩ የሚያቋርጣችሁ የኢንተርኔት መጥፋት ብቻ አይደለም። በ2019 የፎቶሾፕ ባለቤት አዶቤ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የቬንዙዌላ ደንበኞቹን አካውንት ሊዘጋ መሆኑን አስታውቆ ነበር፤ በኋላ ተወው። በዚያው ዓመት ጊትሀብ የተባለው የፕሮግራመሮች የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ በኢራን፣ በሶሪያና በክራይሚያ ያሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጣለ። በእጃቸው ያለውን ኮድ ግን ማንም አልነካባቸውም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የጤና መረጃ የምንመዘግብበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ክፍት ምንጭ ነው ይባላል፤ ታዲያ ያለ ይለፍ ቃል የማይከፈተው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ይኼኛው መግቢያ በጎ ነው። የሚጠብቀው ኮዱን ሳይሆን የሕመምተኛውን መረጃ ነው፤ አካውንቱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ተቋም እንጂ ውጭ አገር ያለ ኩባንያ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ ያለ ይለፍ ቃል መክፈት ራሱ ያስጠይቃል። አንድ ይለፍ ቃል ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፉን ግን ተዉት። አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አማርኛ ለመጻፍ የአክቲቬሽን ኮድ የማይጠይቅ ምን አለ?

ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም። ድሮ በክፍያ ነበር፤ ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት በ2015 ከተረከበው በኋላ ምንጭ ኮዱ በኤም አይ ቲ ፈቃድ ተለቀቀ። አሁን አውርዶ መጫን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የራሴን የክሊኒክ ፕሮግራም ክፍት ምንጭ አድርጌ አክቲቬሽን ላስገባበት እችላለሁ?

ትችላለህ፤ አያዋጣህም እንጂ። የሚያውቅ ሰው የምትፈትሽበትን መስመር ፈልጎ ያወጣዋል፤ ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። የ2007ቱ ጂ ፒ ኤል 3 በዚህ ፈቃድ የወጣ ሥራ፣ መስበሩ በሕግ የሚከለከል የቴክኖሎጂ ቁልፍ ተደርጎ እንደማይቆጠር በግልጽ ይደነግጋል። «ለንግድ አይፈቀድም» የሚል መስመር ብትጨምር ደግሞ ክፍት ምንጭ መሆኑ ይቀራል። ለዎርድፕረስ (ለድረ ገጽ መሥሪያው ፕሮግራም) ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ የሚሸጡትን ተመልከት፦ ኮዱ ጂ ፒ ኤል ነው፣ በቁልፍ የሚሸጡት ዝመናውንና ድጋፉን ነው። አርዱር የተባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ምንጭ ኮዱን በነጻ ሰጥቶ ለተዘጋጀው ጥቅል ያስከፍላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክሊኒክ የሚከፍልህ ሌሊት ሰርቨሩ ሲወድቅ ስልክ እንድታነሣ ነው፤ ውል የምትጽፈውም በዚያ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለ ጎግል አካውንት መተግበሪያ መጫን እችላለሁ?

ኤፍ ድሮይድ የተባለውን የመተግበሪያ መደብር ከራሱ ድረ ገጽ አውርድ። አካውንት አይጠይቅም፤ በውስጡ ያሉትም ክፍት ምንጭ ብቻ ናቸው። የባንክ መተግበሪያህን ግን እዚያ አታገኘውም።