ትንሿ ሸክላ ድምጿ ለምን ይወፍራል?

ከምናለሽ ተራ የገዛሃት ትንሽ የሙዚቃ ሸክላ ድምጿ ወፍሮ እየተጎተተ፣ ዘፈኑም እየተዋዠቀ ስላስቸገረህ ተበላሽታ ይሆን ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተበላሸችም። ድምጿ የወፈረውና የተጎተተው ማጫወቻህ 33 (በደቂቃ 33 ዙር ገደማ) ላይ ስለሆነ ነው። ፍጥነቱን ወደ 45 ቀይረው፤ ወዲያው ይስተካከላል።

ዘፈኑ የሚዋዥቅብህ ደግሞ በቀዳዳው ምክንያት ነው። ያንተ ዓይነቷ ሸክላ መሃሏ ላይ ያለው ሰፊ ቀዳዳ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የማጫወቻው ዘንግ ግን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሸክላዋ ከመሃል ፈቀቅ ብላ ትዞራለች። መሃል ላይ የምትገባ ክብ ፕላስቲክ አለች፤ አዳፕተር ይሏታል። እሷን ፈልግ። በዓይን ግምት መሃል ላይ ማስቀመጥ አያዋጣም፣ ሞክሬዋለሁ።

የሸክላ አሳታሚው የአምሃ ሬከርድስ ሥራ ከሆነች ደግሞ በደንብ ያዛት። አምሃ እሸቴ ድርጅቱን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ሥራው እስከ 1975 ነበር የቆየው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ነገር እጅህ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። አቧራ ለብሳለች ብለህ ቧንቧ ሥር እንዳታጥባት! እኔ አንዷን እንዲያ አድርጌ መሃሏ ያለው ወረቀት እንደ ራሰ እንጀራ እየተላጠ ወጣ። የዘፋኙም የዘፈኑም ስም አብሮ ሄደ። የቀረኝ ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ በመርፌ የተጫረች ትንሽ ቁጥር ነበረች። አንተ ለስላሳ ጨርቅ በትንሹ አርጥበህ መስመሩን ተከትለህ ጥረግ፤ ወረቀቱን አትንካው። ከመጥረግህ በፊት ደግሞ ሁለቱንም ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ።