ለገበሬ ቤተሰብ ገንዘብ የሚላክበት ወር ግንቦት ነው

ከሀገሬ ከወጣሁ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ የገበሬ ልጅ ነኝና ጎጃም ላሉት ወንድሞቼ ሳልልክ ያለፈ ዓመት የለም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የምልከው ለገናና ለፋሲካ ነበር፤ የበዓል ገንዘብ ደግሞ ለበግና ለልብስ ውሎ ያልቃል እንጂ የገበሬውን ኑሮ ፈቀቅ አያደርገውም።

ገበሬ ገንዘብ የሚጨንቀው የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ክፍያ በሚመጣበት፣ ጎተራውም እየተሟጠጠ በሚሄድበት በሰኔና በሐምሌ ነው። ያን ጊዜ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፤ ሲብስበትም መሬቱን ወለድ አገድ ይሰጣል፤ ዕዳው እስኪከፈል ድረስም አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይወስዳል። አንድ ኅዳር ሀገር ቤት ስሄድ ታላቅ ወንድሜን ያገኘሁት በገዛ ማሳው ላይ፣ ሌላ ሰው የዘራውን ጤፍ በቀን ሥራ ሲያጭድ ነበር። መሬቱን ያላስያዘውም ቢሆን ዕዳ ለመክፈል ሲል እህሉን ከአውድማ እንዳነሣ በርካሽ ሸጦ፣ ያንኑ እህል በክረምት በውድ ይሸምታል።

ስለዚህ ገንዘቡ ግንቦት ሳያልቅ ይድረስ፤ የሚላከውም በከተማ ዘመድ እጅ ሳይሆን በገበሬው በራሱ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይሁን። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የባንክና የጥቁር ገበያ ልዩነት እንደ ቀድሞው እጥፍ አይደለም፤ በሂሳቡ የሚገባና የሚወጣው ገንዘብም ነገ ብድር ሲጠይቅ ይመሰክርለታል። በቀበሌው የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ የአባልነት ድርሻውን (ዕጣውን) ግዙለት፤ በእነዚህ ማኅበራት የሚገኘው ብድር አባሉ ከቆጠበው ጋር የተያያዘ ነውና መደበኛ ቁጠባውን እንዳያቋርጥ አበርቱት። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ሕግ ከብትና ሰብል ለብድር መያዣ እንዲሆኑ መፍቀዱንም ንገሩት። የሚስትየዋን ነገር በተለይ አደራ እላለሁ፤ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንደሚሰፍር ሁሉ፣ ሂሳቡንም እሷ ልታዝበት ይገባል።

ስትደውሉ «ደኅና ናችሁ?» ብቻ ካላችሁ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ወለድ አገድ የሰጣችሁት መሬት አለ ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ወንድሜ መሬቱን ያስያዘበት ዕዳ እኔ ለ2 በዓል ከምልክለት ገንዘብ ያነሰ ነበር፤ ያልነገረኝም ስላልጠየቅሁት ነው።