የፈረስ ሽንት ሲጠቁር፦ መዥገር ስለሚያስተላልፈው የደም ጥገኛ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የጋሪ ፈረሴ ምግብ ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው። ሽንቱ ጥቁር ቡና መስሏል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ከጋሪው ዛሬውኑ ይፍቱት። ቴርሞሜትር በፊንጢጣው አስገብተው ይለኩ፤ ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከንፈሩን ገልብጠው ድዱንም ይዩ። ሙቀቱ ከ40 አልፎ ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ፣ ጥገኛው ቀይ የደም ሕዋሶቹን እያፈረሰ ነው፤ ሽንቱን የሚያጠቁረውም ከእነሱ የሚወጣው ሄሞግሎቢን የሚባለው የደም ቀለም ነው። ትኩሳት ሳይኖረው ጭኑና ወገቡ ደርቆ መራመድ ካቃተው ግን ጉዳቱ የጡንቻ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ሌላ ስለሆነ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ጥገኛው ሁለት ዓይነት ነው፦ ባቤዢያ ካባሊ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የእንባ ጠብታ ይመስላል፤ ቴይሌሪያ ኢኳይ አራት ሆኖ መስቀል ይሠራል። ጥገኛው በደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን ስለማይታይ፣ «አልተገኘም» ማለት የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጥገኛውን የሚገድለውን መድኃኒት፣ 12 በመቶ ኢሚዶካርብ፣ ገዝቻለሁ። ስንት ሚሊ ይወጋ?

መልስ፦ ክብደቱን በዓይን አይገምቱ፤ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት በሴንቲሜትር ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ ያባዙና ለ11,877 ያካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 ከሆነ 239 ኪሎ ይመጣል። ለባቤዢያ በኪሎ 2.2 ሚሊግራም ነው። በአንድ ሚሊ ውስጥ 120 ሚሊግራም ስላለ 4.4 ሚሊ ይሆናል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል። አንገቱ ጡንቻ ላይ እንጂ ደም ሥር ውስጥ በፍጹም አይወጋም። ከመርፌው በኋላ ምራቅ፣ ላብ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን የሚያስታግሰውን አትሮፒን የያዘ የእንስሳት ሐኪም አጠገብዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ቴይሌሪያ ከሆነስ? ጨርሶ ይጠፋል?

መልስ፦ ኢሚዶካርቡ በኪሎ 4 ሚሊግራም በየ72 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። መድኃኒቱ ጉበትና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። መዥገር በሞላበት አገር ጥገኛውን ጨርሶ ለማጥፋት መሞከር ትርፉ ጥቂት ነው ባይ ነኝ፤ ፈረሱ ከበሽታው ይዳን እንጂ በደሙ የሚቀረው ጥቂት ጥገኛ ዳግም እንዳይታመም ይከላከልለታል። ተሸካሚ ሆኖ ስለሚኖር ግን አንድ መርፌ ለሁለት ፈረስ አይሁን።

ጥያቄ፦ ለአህያዬም ያው መጠን ነው?

መልስ፦ አይደለም! በኪሎ 4 ሚሊግራም አህያ ይገድላል። በቅሎም እንደዚሁ ከፈረስ ይልቅ መድኃኒቱ ይከብደዋል። ሐኪም ሳያይ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ለከብቶቼ የገዛሁት የመዥገር መድኃኒት፣ አሚትራዝ፣ አለ፤ ፈረሱን ልርጨው?

መልስ፦ እባክዎ አይርጩት። አሚትራዝ የፈረስን አንጀት ሥራ ያስቆማል፤ ፋንድያው ደርቆ ይታገትና በሆድ ቁርጠት ሊሞት ይችላል። ለፈረስ የተዘጋጀ ፐርሜትሪን ይጠቀሙ። መዥገር ሲነቅሉ ላምባ አይቀቡ፤ በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ጆሮው ውስጥ፣ ጋማው ሥር፣ ጭራው ሥርና ብሽሽቱ ውስጥ በየቀኑ ይፈልጉ።