ሳንባውን ተዉት፣ የዶሮ አንገቱን ስጡት

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውሻና ስለ ጥሬ ሥጋ ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው። በዓል አለፈ፣ በየቤቱ አጥንት ተረፈ፣ ውሻውም ድርሻውን አገኘ። ከዚያ ሆዱ ተበላሸና ደብዳቤው መጣ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አራት ዓመት የሆነው ጀርመን ሸፐርድ አለኝ፣ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እስከ ዛሬ የሚበላው ከፉርሽካና ከሩዝ ጋር የተቀቀለ የሥጋ ቅንጥብጣቢ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለውሻው ጥሬ ሥጋና አጥንት ብቻ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ፀጉሩ አበራ፣ ጥርሱ ጸዳ እያለ አስጎመጀኝ። እኔም ባለፈው ቅዳሜ አንድ ትልቅ የበሬ ቅልጥምና ሁለት ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ሰጠሁት። ሙልጭ አድርጎ በላው። ሌሊቱን ሙሉ ግን ሲያስቀምጠው አደረ፣ ጠዋት ደግሞ ቢጫ ነገር አስታወከ። ልተወው ወይስ ይለምዳል? (ከሳሪስ)

መልስ፦ ይለምዳል፣ ግን እንደዚህ ተጣድፈህ አይደለም። አራት ዓመት ፉርሽካና ሩዝ የለመደ ሆድ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ሥጋ ከነስቡ ሲወርድበት ምን ያድርግ? ጤናማ ትልቅ ውሻ በቀን የሚበቃው ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ላንተው ከ600 እስከ 900 ግራም ማለት ነው። ሌሊቱን ግቢ ሲዞር የሚያድር ከሆነ ወደ ላይ፣ ታስሮ የሚውል ከሆነ ወደ ታች። አንተ የሁለት ሦስት ቀኑን ቀለብ ነው ባንዴ የሰጠኸው።

አሁን አንድ ቀን ሆዱን አሳርፈው፣ ውሃ ግን አትከልክለው። ከዚያ ለሁለት ሦስት ቀን የለመደውን ሩዝ ከትንሽ የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ጋር ስጠው፤ ጨውም፣ ሽንኩርትም፣ በርበሬም አይግባበት። ሰገራው ሲጠነክር ጥሬውን ጀምር። መጀመሪያ ሩብ ያህሉ ጥሬ፣ የቀረው የድሮው ምግብ ይሁን። ሁለት ሦስት ቀን አይተህ ሆዱ ካልተቸገረ ግማሽ በግማሽ አድርገው፣ ከዚያ ደግሞ ጨምር። በአሥር ቀን ገደማ ይሻገራል፤ ሆደ ቀላል ከሆነ ሦስት ሳምንት ቢፈጅም ምንም ማለት አይደለም። በእነዚህ ቀናት የአንድ እንስሳ ሥጋ ብቻ ስጠው። ዛሬ በሬ፣ ነገ ዶሮ፣ ከነገ ወዲያ በግ እያልክ ከቀያየርክበት የትኛው እንዳልተስማማው በምን ታውቃለህ? ስቡንም አንሳለት። ብዙ ስብ ባንዴ ሲገባ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፣ የቆሽት ቁጣ ደግሞ ውሻ ይገድላል።

ቢጫው ሐሞት ነው። አንዴ ብቻ ከሆነ እለፈው። ከደጋገመው፣ ደም ካየህ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም እያማጠ ምንም የማይወጣው ከሆነ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ሳትል ሐኪም ጋ ውሰደው፤ አጥንት ተሰንቅሮበት ሊሆን ይችላል።

ወደ አጥንቱ እንምጣ። ቅልጥም መቅኒው ለሰው ግሩም ነው፣ የውሻ ጥርስ ግን አይችለውም። ያን ሁሉ የበሬ ክብደት የሚሸከም አጥንት ነው። ውሻው በጎን ጥርሱ ሲቆረጥመው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ጥርሱ ነው፣ በተለይ ከላይ ያለው ትልቁ የጎን ጥርስ ተሰንጥቆ አንድ ፊቱ ይገመሳል። ሕመሙን ስለማያሳይ ባለቤቱ የሚያውቀው ጉንጩ ሲያብጥ ነው። የዶሮ አንገት፣ ክንፍና ጀርባ ይሻላል። አጥንታቸው ለስላሳ ነው፣ ከነሥጋቸው ደቅቀው ይገባሉ። ክብደታቸው ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ አጥንት ስለሆነ ግን መጠን አለው፤ ላንተ ውሻ በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ይበቃል። እሱንም በመጀመሪያው ሳምንት ተወው፣ ሆዱ ሥጋውን ይልመድ። ሳያኝክ የሚውጥ ስግብግብ ከሆነ በመዶሻ ቀጥቅጠህ ስጠው። አጥንት ሲበላ ደግሞ ብቻውን ትተኸው አትሂድ።

የተቀቀለ አጥንት በጭራሽ አይሰጥም። እሳት ያየ አጥንት ይደርቅና ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። የዶሮ ወጥ አጥንትማ እጥፍ ድርብ ጣጣ ነው፣ አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ የተጣበቀው ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። «ኧረ የኛ ሁልጊዜ እየበላ ምንም አልሆነም» የሚለኝ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። ደስ ይበለው፣ ግን አይቀጥልበት።

በመጨረሻም ሥጋ ብቻ ምግብ አይሆንም። ጥሬ መጋቢዎቹ የሚከተሉት ቀመር 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበት፣ 5 በመቶ ደግሞ እንደ ኩላሊትና ጣፊያ ያለ የሆድ ዕቃ ነው። አጥንት ከሌለ ካልሲየም ያጥረዋል፣ ሰውነቱም ከራሱ አጥንት መበደር ይጀምራል። ጉበቱ ከበዛ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ይከማችበታል፤ ላንተ ውሻ በቀን 40 ግራም ከበቂ በላይ ነው። ሰገራውን አይተህ መጥን። ነጭ ሆኖ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንቱ በዝቷል፣ ጠቆር ብሎ ከላላ ጉበቱ በዝቷል።

ጓደኛህ «ውሻ ተኩላ ነው፣ እህል አይሆነውም» ካለህ አትስማው። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ውሻ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚፈጭበትን ዘረ መል ከተኩላው ይልቅ በብዙ ቅጂ እንደሚይዝ አሳይቷል። ከሰው ጋር ሲኖር እህል ለምዷል። ስለዚህ ሩዙን ጨርሰህ ባታስወግደውም ውሻህ አይከፋውም።

ጥያቄ፦ የሦስት ወር ቡችላ አለኝ፣ እሱንም በጥሬ ላሳድገው? (ከጎፋ)

መልስ፦ ባታደርገው እመርጣለሁ። በተለይ ትልቅ ዝርያ ከሆነ የካልሲየሙ ማነስም መብዛትም እግሩን ያጣምመዋል፣ ቤት ውስጥ በግምት መመጠን ደግሞ ከባድ ነው። አድጎ ይጨርስና ያኔ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በየበዓሉ በግ እናርዳለን፣ ሳንባውንና የማንበላውን ጉበት ለውሻችን እንወረውርለታለን። አሁን አማቴ «ጥሬ ሥጋ የለመደ ውሻ ሰው ይነክሳል» አሉኝ። ትንንሽ ልጆች አሉኝና ፈራሁ። (ከአያት)

መልስ፦ እማማን አያሳዝኗቸው እንጂ ጥሬ ሥጋ ውሻን አውሬ አያደርግም። በዚህ አምነው ለጥበቃ ብለው ጥሬ የሚያበሉም አሉ፤ የሚያተርፉት የጠገበ ውሻ ነው። እውነት የሆነው ይህ ነው፤ አጥንት የያዘ ውሻ ሊነጥቁት የመጣ ሲመስለው ይናከሳል፣ ደጉም ቢሆን። ሲበላ ልጆቹ አይጠጉት።

እኔን ያስፈራኝ እርስዎ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ሳንባና ጉበት ነው። በሚቀጥለው በዓል በጉ ሲበለት ልብ ብለው ይዩ። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ላዩ ጠንከር ያለ ከረጢት ሊያገኙ ይችላሉ፣ አንዳንዱ የአተር ፍሬ ያክላል፣ አንዳንዱ ብርቱካን። ቢላ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ፊጭ ይላል። ብዙ ሰው «ውሃ ቋጥሯል» ብሎ ይጥለዋል፣ የሚጥለውም ለውሻ ነው። ውሃው ውስጥ ያሉት ገና ያልጎለመሱ የትል ራሶች ናቸው። ትሉ ኢኪኖኮከስ ይባላል። ውሻው አንጀት ውስጥ በስድስት ሰባት ሳምንት ይጎለምሳል። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰገራው ላይ አያዩትም፣ ውሻውም አይታመም። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን ይደባብስና እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይበላል። ከዚያ ያ ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ማደግ ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ፣ ለዓመታት፣ ሕመም እንኳ ሳይሰማው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው። በሰሜን ኬንያ ያለው ቱርካና በሽታው በዓለም ላይ በብዛት ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፣ የኛ ደቡብ ኦሞም ጎረቤቱ ነው። ግን አርብቶ አደር ጋ ብቻ ያለ እንዳይመስልዎ፣ ቄራዎቻችን በዚህ ከረጢት ምክንያት ሳንባና ጉበት ሲያስወግዱ ነው የሚውሉት።

(ከጥሬ ሥጋ ወደ ሰው የሚመጣው የኮሶ ትል ሌላ ነው። እሱ ከበሬ ሥጋ ወደ ሰው ነው፣ ውሻ የለበትም። በስልክ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ነው።)

ስለዚህ ጓሮ የታረደ በግ የሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አይሰጥ። በትንንሹ ቆርጠው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀቅሉት፣ ወይም በጥልቅ ይቅበሩት። ጥሬ መስጠት ከፈለጉ ከቄራ ወጥቶ ማኅተም የተመታበትን ሥጋ ይግዙና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ከ10 ቀን በላይ ያቆዩት። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቀኑ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ውሻዎ እስከ ዛሬ ስለበላ ደግሞ መድኃኒት ይፈልጋል። ፕራዚኳንቴል ብለው ይጠይቁ። አይቨርሜክቲን ለሌላ ትል ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሠራም፣ «የትል መርፌ ተወግቷል» ተብሎ መዘናጋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጥሬ የሆድ ዕቃ የማያጣ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ከወሰደ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አስረው ሰገራውን በአካፋ ሰብስበው ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ።

ጥያቄ፦ ውሻችን ጥሬውን ለምዷል፣ ችግራችን ሁዳዴ ነው። ሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ባለቤቴ ደግሞ በጾም ሥጋ ወጥ ቤቴ አይገባም ትላለች። (ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ባለቤትህ ልክ ናት፣ እኔም በጾምም በፍስክም ጥሬ የውሻ ሥጋ ወጥ ቤት እንዲገባ አልፈልግም። የራሱ ቢላ፣ የራሱ መክተፊያ፣ የራሱ ሳህን ይኑረው፣ ሁሉም ጓሮ ይቀመጥ። ጾሙ ሳይገባ በየቀን ቀለቡ በፌስታል ቋጥረህ ፍሪዘር ውስጥ አስገባ፤ ካለቀብህ የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው። አጥንት ካጣህ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለህ፣ አድርቀህ፣ ዱቄት አድርገህ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምር። ወደ ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል መመለስም ይቻላል፣ ግን ልክ እንደ መጀመሪያው ቀስ በቀስ። ውሻው የንስሐ አባት የለውም፣ ባንዴ አታስጹመው።

ጥያቄ፦ እኛ ያለነው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ የታሸገ ጥሬ የውሻ ምግብ በረዶ ሆኖ ይሸጣል። ፋብሪካ የሠራው ስለሆነ ንጹሕ ነው አይደል? መዳህ የጀመረ ሕፃን አለን።

መልስ፦ ትሉን በረዶው ይገድለዋል፣ ባክቴሪያውን ግን አይገድለውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደ ፈረንጆቹ ከ2010 እስከ 2012 ባደረገው ምርመራ ከ196 የጥሬ የእንስሳት ምግብ ናሙናዎች 15ቱ ሳልሞኔላ፣ 32ቱ ደግሞ ሊስቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። የአገሩ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም በ2012 ጥሬ መመገብን እንደማይመክር አስታውቋል። እኔ እንደነሱ የጠበቅኩ አይደለሁም፣ ውሻዬ ጥሬ ስለበላ ብቻ ታሞብኝ አያውቅም የሚሉኝን ባለቤቶች አምናለሁ። ግን ውሻው ባይታመምም ባክቴሪያውን በአፉና በሰገራው ይዞ ይዞራል፣ ሕፃኑ ደግሞ ውሻው ባለፈበት ምንጣፍ ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ልጁ ከፍ እስኪል ያንኑ ሥጋ ቀቅላችሁ ለውሻው ስጡት። አጥንት የተፈጨበት ከሆነ ግን አትቀቅሉት፣ አጥንት የሌለበትን ግዙ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለችም እንደዚያው፣ የሊስቴሪያው ነገር ለእሷ ይብሳል።